ለእናቴ የድሮ ዴክ የትኛውን ባዶ ዲቪዲ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ሰላም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ1992 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተደገሰው ሠርጋችን በካሴት ነበር የተቀረጸው። እዚህ ሱቅ ሰጥቼ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥኩትና 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ኤምፒ4 ፋይል ሆኖ ተመለሰልኝ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ ቤቷ ያለው የድሮ ዲቪዲ ዴክ ብቻ ነው፣ በስልክ ማየት አትወድም። ፋይሉን ደጋግሞ በሚጻፍበት ዲስክ (ዲቪዲ ፕላስ አር ደብልዩ) ላይ ገልብጬ በሰው ላክሁላት። በኔ ላፕቶፕ ይሠራ ነበር፤ በእሷ ዴክ ግን «ኖ ዲስክ» ይላል። የተዋስኩትን በርነር (ዲስክ መጻፊያ) ስለመለስኩ አሁን የራሴን ልገዛ ነው። ሱቅ ስገባ ማይነስ፣ ፕላስ፣ ድርብ ንብርብር፣ ብሉ ሬይ፣ ኤም ዲስክ እያለ ግራ አጋባኝ። የትኛውን ዲስክ፣ የትኛውን በርነር ልግዛ? ውድ መሆንስ አለበት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የሚገዛውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱ ይከተላል። ዲስኩ ባለ አንድ ንብርብር፣ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲቪዲ ማይነስ አር ይሁን። ማሸጊያው ላይ 16 ኤክስ ቢልም በ8 ኤክስ ፍጥነት ጻፊው። ሠርጉን ለሁለት ዲስክ ክፈዪው። በርነሩ ውድ መሆን የለበትም፤ እናንተ ጋ ከ25 እስከ 40 ዶላር የሚሸጠው ስስ ባለ ዩኤስቢ ይበቃል። ድርብ ንብርብሩን፣ ብሉ ሬዩንና ኤም ዲስኩን ለእናትሽ ብለሽ አትግዢ።

ዲስክ የሚመረጠው የሚያነበው ማሽን ታይቶ ነው። ላፕቶፕሽ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ በእሱ ላይ ሠራ ማለት ምንም ማለት አይደለም። የዚህ ነገር ዳኛው ደብረ ብርሃን የተቀመጠው ዴክ ነው።

አሁን ወደ ላክሽው ዲስክ እንመለስ። «ገልብጬ» ያልሽው ቃል ላይ ትንሽ ቆምኩ። ዊንዶውስ ባዶ ዲስክ ሲገባለት ይጠይቃል፦ እንደ ዩኤስቢ ፍላሽ ልትጠቀሚበት ነው ወይስ በሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ልታጫውቺው? አብዛኛው ሰው ሳያነብ የመጀመሪያውን ተጭኖ ያልፋል። ያኔ ዲስኩ ኮምፒውተር ፋይል እየጨመረና እየሰረዘ በሚጠቀምበት አቀማመጥ ይዘጋጃል። የሳሎን ዴክ ይህን አቀማመጥ አያውቀውም፤ የማያውቀውን ሁሉ ደግሞ «ዲስክ የለም» ይላል እንጂ «አልገባኝም» አይልም። ሁለተኛውን መርጠሽ ከነበረም አልዳንሽም፤ ዲስኩ ላይ ያረፈው ኤምፒ4 ፋይል ነው። የዚያ ዘመን ዴክ በአብዛኛው የሚያውቀው ኤምፔግ 2 የተባለውን የቪዲዮ አሠራር ነው፤ እሱም «ቪዲዮ ቲኤስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ በደንብ ተደርድሮ ሲጠብቀው ብቻ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፋይል አለ። ቪኦቢ ምስሉንና ድምፁን ይይዛል፤ እያንዳንዱም ከ1 ጊጋባይት አይበልጥም። አይኤፍኦ ለዴኩ «ከዚህ ጀምር፣ እዚህ ምዕራፍ አለ» እያለ መንገድ ይመራዋል። ቢዩፒ ደግሞ አይኤፍኦው ቢበላሽ ተብሎ የተቀመጠ ቅጂው ነው። ይህ ሁሉ ኤምፒ4ን ጎትቶ ዲስክ ላይ በመጣል አይገኝም፤ የዲቪዲ ማዘጋጃ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ችግር ዲስኩ ራሱ ነው። በፋብሪካ የታተመ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ከሌዘሩ ብርሃን ከ45 እስከ 85 በመቶውን መልሶ ያንጸባርቃል። ማይነስ አርም ፕላስ አርም ከዚሁ ክልል አይወጡም፤ ዴኩ ከታተመው ለይቶ አያያቸውም። ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ ግን የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ለአዲስ ዴክ ይህ ችግር የለውም። ዓይኑ ለደከመና አቧራ ለጠጣ ዴክ ግን በጭላንጭል ደብዳቤ እንደማንበብ ነው። ስለዚህ ያ ዲስክ በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ተሰናክሏል፤ በርነሩ ላይ ጥፋት የለበትም፤ ያዋሰሽን ሰው አትውቀሺው።

ብር ከማውጣትሽ በፊት አንድ ሙከራ እዚያ ቤት ይደረግ። ደብረ ብርሃን ካሉት ልጆች አንዱ በፋብሪካ የታተመ ኦሪጅናል ዲቪዲ አስገብቶ ይሞክር፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው በርን ያደረገውን ፊልም ይሞክር። ሁለቱንም ካነበበ መንገዱ ክፍት ነው። የታተመውን አንብቦ በርን የተደረገውን ከዘለለ የዴኩ ዓይን ተዳክሟል፤ ሌንሱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ወይም በጥጥ ቀስ አድርጎ መጥረግ አንዳንዴ ነፍስ ይዘራበታል። ሁለቱንም እምቢ ካለ የአንቺ ዲስክ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አያድነውም።

ማይነስና ፕላስ የሚባለው ነገር ሰውን ከሚገባው በላይ ያስጨንቃል። መነሻው የኩባንያዎች ሽኩቻ ነው። ማይነስ አርን ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1997 አወጣው፤ የዲቪዲ ፎረምም ደገፈው። እነ ፊሊፕስና ሶኒ ደግሞ በራሳቸው ጎራ ሄደው ፕላስ አርን በ2002 ገበያ ላይ አዋሉ። ሁለቱም 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛሉ፤ በምስል ጥራት ቅንጣት ልዩነት የላቸውም። ልዩነታቸው የሚታየው አሮጌ ዴክ ፊት ነው። ማይነስ አር ቀድሞ ስለወጣ ብዙ የድሮ ዴኮች ያውቁታል፤ ፕላሱ ከዚያ በኋላ ስለመጣ አንዳንዱ ዴክ «ይህ ደግሞ ማን ነው?» ይላል።

እዚህ ላይ የፕላስ ወዳጆች የሚያነሱት እውነት አለ፤ ልዝለለው አልችልም። እያንዳንዱ ዲስክ በመነሻው ላይ «እኔ እንዲህ ዓይነት ዲስክ ነኝ» የሚል መታወቂያ ተጽፎበታል። በፕላስ አር ላይ ይህን መታወቂያ በርነሩ ራሱ ሲጽፍ «እኔ በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ነኝ» ብሎ ሊለውጠው ይችላል። ብዙ እምቢተኛ ዴክ በዚህ ብልሃት ተታሎ ያነባል። በማይነስ አር ላይ ግን መታወቂያው አስቀድሞ ስለሰፈረ አይነካም። ችግሩ ሁሉም በርነር ይህን አለመፍቀዱ ነው፤ ላይትኦን በዚህ በኩል ስሙ የታወቀ ነው። ኢምግበርን የተባለው ነፃ ፕሮግራም በርነሩ ከፈቀደ የሚጫኑትን ቁልፍ ያሳይሻል። ማይነስ አር ሞክረሽ እምቢ ካለ ሁለተኛው መንገድሽ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ላይ አትግቢበት።

ድርብ ንብርብር ዲስክ 8.5 ቢሊዮን ባይት ስለሚይዝ «ሠርጉ በአንድ ዲስክ ያልቃል» የሚል ፈተና ይዞ ይመጣል። እሱም እንደ ደጋግሞ የሚጻፍበቱ ብርሃን የሚመልሰው ጥቂት ነው። ሌዘሩ በላይኛው ንብርብር አልፎ የታችኛውን ማንበብ አለበት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ምስሉ ለአፍታ ይቆማል፤ ደካማ ዴክ ከሆነ እዚያው ይቀራል። ዋጋውም ይወደዳል። ተዪው።

የሚበዛው ሰው ገንዘቡን በዲስክና በበርነር ላይ ጨርሶ የሚበላሸው የሚቀጥለው ነገር ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ረጋ ልበል። ዲቪዲ ላይ ጥራትን የሚወስነው ቢትሬት ነው፤ በእያንዳንዱ ሰከንድ ለምስሉ የሚሰጠው የመረጃ መጠን ማለት ነው። ዲስኩ የሚይዘው የተወሰነ ነው፤ የሠርጉ ርዝመት ደግሞ ያካፍለዋል። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ 12,000 ሰከንድ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ዲስክ ላይ ካስገደድሽው ለድምፁም ለምስሉም በሰከንድ 3.1 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ይደርሳል። ለንጹሕ ፊልም ይህ ሊያዛልቅ ይችል ይሆናል። የድሮ ካሴት ግን ነጠብጣብና ጭጋግ የሞላበት ነው፤ ፕሮግራሙ ጭጋጉንም እንደ ምስል ቆጥሮ ቢት ያባክንበታል። ውጤቱም ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያወራ ደህና የነበረው ምስል እስክስታው ሲጀመር ወደ አራት ማዕዘን ጡብ መበተን ነው። ትከሻው ሳይሆን ጡቡ ይወዛወዛል።

ለሁለት ከከፈልሽው እያንዳንዱ ዲስክ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ማለትም 6,000 ሰከንድ ይሆናል። ለምስሉ በሰከንድ 5,300 ኪሎቢት፣ ለድምፁ 224 ኪሎቢት ስጪ፤ አንዱ ዲስክ ወደ 4.2 ቢሊዮን ባይት ይመጣል። «4.7 እየያዘ ለምን እስከ አፉ አልሞላውም?» ትዪኛለሽ። ዲስክ የሚጻፈው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ መጨረሻ የሚጻፈው የውጭው ጠርዝ ነው። የዲስክ ቀለም በደንብ ሳይዳረስ የሚቀረውም፣ ጣት የሚነካውም፣ ዲስኩ ሲዞር ጎልቶ የሚወዛወዘውም እዚያው ነው። ሙሉ ዲስክ ኬኩ ሲቆረስ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ ኮምፒውተርሽ ባዶውን ዲስክ 4.38 ጊጋባይት ብሎ ቢያሳይሽ አልተጭበረበርሽም፤ ፋብሪካው በ1,000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ሲከፈል ሰዓቱ እኩል ካልሆነ ተብሎ ነገር መሃል አይቆረጥም። ሠርገኛው ከሙሽራዋ ቤት ወጥቶ መኪናው ሲነሳ አንደኛው ዲስክ ይለቅ፤ አዳራሹና መልሱ ሁለተኛው ላይ ይሁኑ። ከዚያ በየምዕራፉ ቁልፍ አኑሪላቸው፤ እናትሽ ለማየት የሚመላለሱበትን ቦታ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ድምፁን ኤሲ3 በሚባለው አሠራር አድርጊው። ያልተጨመቀው ድምፅ ብቻውን በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ይወስዳል፤ ከካሴት ለመጣ ድምፅ ይህን ያህል መስጠት ብክነት ነው። የምስሉ ቅርጽ ደግሞ 4 ለ 3 ይሁን። የዚያ ዘመን ካሴት በአብዛኛው 4 ለ 3 ነው፤ ፕሮግራሙ ላይ 16 ለ 9 ከተመረጠ ሙሽራዋ ያለ ጊዜዋ ትወፍራለች።

ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉትን የቴሌቪዥን አሠራሮች ጉዳይ አልጠየቅሽኝም፤ ግን በአንቺ ታሪክ ውስጥ ተደብቋል። አዲስ አበባ የተቀረጸው ካሴት ፓል ነው፤ በሰከንድ 25 ሥዕል። አሜሪካ የነበረው ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ ነው፤ በሰከንድ 29.97 ሥዕል። ካሴቱን የገለበጠልሽ ሱቅ በነበረበት ትቶት ይሆናል ወይም ወደ አሜሪካው ቀይሮት ይሆናል። ፋይሉ ላይ በቀኝ ማውዝ ተጭነሽ ዝርዝሩን እዪ፤ የሥዕሉ ፍጥነት 25 ካለ ዲስኩን ፓል አድርጊው፣ 29.97 ወይም 30 ካለ ኤንቲኤስሲ አድርጊው። ሁለተኛ ጊዜ አታስቀይሪው፤ በተቀየረ ቁጥር እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ኢትዮጵያ የገቡት ዴኮች አብዛኛዎቹ ሁለቱንም ያጫውታሉ፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚላክ ዲስክ በዚህ ብዙም አይቸገርም። የሚያስቸግረው ተቃራኒው መንገድ ነው። ዘመድ ከአዲስ አበባ የላከልሽ የፓል ዲስክ አሜሪካ በተገዛ ዴክ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንሸራተታል ወይም ጭራሽ አይነሳም። የክልል ቁጥር የሚባለው ነገር (አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5) ደግሞ የሚመለከተው የፊልም ኩባንያዎች የሚያሳትሙትን ነው። ቤትሽ የምትሠሪውን ዲስክ ለሁሉም ክልል ክፍት አድርገሽ ታወጪዋለሽ፤ አትጨነቂበት።

ለማዘጋጃ ዲቪዲስታይለር የተባለው ነፃ ፕሮግራም በቂ ነው። ፓል ነው ኤንቲኤስሲ፣ ቢትሬቱ ስንት ነው፣ ቅርጹ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅሻል። ከእሱ በቀጥታ ወደ ዲስክ አትጻፊ። መጀመሪያ ኮምፒውተርሽ ላይ አይኤስኦ የሚባለውን አንድ ፋይል አስወጪ፣ ኮምፒውተርሽ ላይ ክፈቺና እዪው፤ ምዕራፎቹ ከሠሩ፣ ድምፁ ከከንፈር ጋር ከሄደ፣ ሙሽራዋ ካልወፈረች፣ ያኔ በኢምግበርን ወደ ዲስክ ጻፊው። የኢምግበርን የመጨረሻ እትም የወጣው በ2013 ነው፤ አሮጌ መሆኑ አያስፈራሽ፣ ዲቪዲም ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። ስትጭኚው ግን እያንዳንዱን ገጽ እያነበብሽ እለፊ፤ በአንዳንድ ማውረጃዎች ላይ ያልፈለግሽው ፕሮግራም ተለጥፎ ይመጣል።

የባዶ ዲስኩ ምርት። ይህ ላይ ጠባሳ አለብኝ። አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ስሠራ ስም የሌለው ባለ 50 ዲስክ ክምር በርካሽ አግኝቼ የአንድ ክረምት ሠርግ ሁሉ እሱ ላይ አወጣሁ። ስናስረክብ ሁሉም ይሠሩ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደንበኞች አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ፤ ሁሉም ደግሞ ከመሃሉ ደህና ሄዶ መጨረሻው ላይ ይቆም ነበር። ዋናውን ቅጂ ያስቀመጥኩላቸውን ደገምኩላቸው፤ ያላስቀመጥኩላቸው ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ፊታቸውን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ በባዶ ዲስክ ላይ ሳንቲም አልቆጠርኩም።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ በርን የሚደረግ ዲስክ ውስጥ ሌዘሩ የሚያጠቁረው ስስ የቀለም ንጣፍ አለ። የቀለሙ ጥራትና ንጣፉ እኩል መዳረሱ ዕድሜውን ይወስናል፤ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስምም ሁልጊዜ አይነግርሽም። ስሙን የሸጠውና ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ የተለያዩ ናቸው። የባለሙያዎች ተወዳጅ የነበረው የጃፓኑ ታዮ ዩደን በ2015 ማብቂያ ዲስክ መሥራት አቆመ። ቨርባቲም የሚትሱቢሺ ነበር፤ በ2019 ለታይዋኑ ሲኤምሲ ተሸጠ። ዛሬ በቀላሉ ከሚገኘው ውስጥ እኔ የምገዛው ቨርባቲም ሆኖ ሣጥኑ ላይ «ኤዞ» የሚል ቃል ያለበትን ነው፤ «ላይፍ ሲሪስ» የሚለው ርካሽ መስመሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ባዶውን ዲስክ በርነር ውስጥ ከተሽ ኢምግበርንን ስትከፍቺ በቀኝ በኩል የሠሪውን መለያ ይጽፍልሻል። ባለ 16 ኤክሱ የቨርባቲም ኤዞ ማይነስ አር በ«ኤም ሲ ሲ» ይጀምራል። መለያው ከሌላ ከሆነ ወይም «ያልታወቀ» የሚል ከሆነ ለሠርጉ አትጠቀሚበት፤ መዝሙር ይጻፍበት። ከ10 ወይም ከ25 በላይ አትግዢ፤ ለሁለት ዲስክ ሥራ የ100 ክምር ምን ያደርግልሻል?

በርነሩን በአጭሩ ልለፍበት፤ ብዙ የሚባል የለውም። ኤልጂም አሱስም ደህና ናቸው። ስሱ ባለ ዩኤስቢ ዲቪዲን በ8 ኤክስ ይጽፋል፤ የምፈልግልሽም ይህንኑ ፍጥነት ነው። የዴስክቶፑ ትልቁ 16 ኤክስና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ግን ለሠርግ ማን ይጣደፋል? በ8 ኤክስ ዲስኩ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። «በዝግታ ከተጻፈ ይሻላል» ሲባል ሰምተሽ ወደ 2 ኤክስም አትውረጂ። ያ ምክር የድሮ ነው፤ የዛሬው ዲስክ ቀለም የተቀመመው ለፈጣን ጽሑፍ ስለሆነ በጣም ሲዘገይ ምልክቶቹ ይበላሻሉ።

ስሱ በርነር የራሱ የኃይል ገመድ የለውም፤ ኮረንቲውን ከላፕቶፕሽ ይጠጣል። ከላፕቶፑ ቀዳዳ ላይ በቀጥታ ሰኪው፤ ቀዳዳ በሚያበዛ ማከፋፈያ ላይ ብትሰኪው ሲጽፍ ኃይል ያንሰውና መሃል ላይ ይሰናከላል። ይህ ሰው «በርነሩ ተበላሸ» ብሎ የሚመልስበት የተለመደ ምክንያት ነው። ላፕቶፑም ቻርጀሩ ላይ ይሁን። ዲስኩ እየተጻፈ ፊልም አትዪ፤ ቡና አፍዪ።

ተጽፎ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ዲስኩን ዘግቶ መጨረስ አለበት፤ ካልተዘጋ የሳሎን ዴክ አያነበውም። ኢምግበርን ይህን ራሱ ያደርጋል። «ቬሪፋይ» የሚለውን ምልክት አታንሺበት፤ የተጻፈውን ከዋናው ጋር ያመሳክርልሻል። ከዚያ በሌላ ሰው ቤት ባለ ዴክ ላይ ሞክሪው። ለሙከራ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ10 ዶላር የሚገኝ ዴክ ከአዲስ ላፕቶፕ የተሻለ ፈታኝ ነው፤ ዲስክሽ ፓል ከሆነ ግን የአሜሪካ ዴክ ቢጥለው አትደንግጪ፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬሻለሁ።

ዲስኩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አትለጥፊ። ቆንጆ ይመስላል፤ ግን ሚዛኑን ያስታል፣ ሲሞቅ ይሸበሸባል፣ ደካማ ዴክ ውስጥ ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል። ለሲዲ ተብሎ በተሠራ ለስላሳ ማርከር መጻፍ ይበቃል። በወረቀት ከረጢት ሻንጣ ውስጥ አትወርውሪው፤ ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጊው፤ ሁለት ሁለት ቅጂ ሠርተሽም በሁለት የተለያዩ መንገደኞች ላኪ። እናትሽ ጋ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ላይ ወይም መስኮቱ ሥር አይቀመጥ፤ ቀለሙን ፀሐይና ሙቀት ይበሉታል። ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዴኩ ዲቪዲ ማንበብ ከተሳነው ገና አንድ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ረስቶታል። ቪሲዲ፣ ማለትም ተራ ሲዲ ላይ የሚጻፍ ቪዲዮ። ዲቪዲ የሚነበበው በ650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ነው፤ ሲዲ ግን በ780 ናኖሜትር። በብዙ ዴኮች ውስጥ ሁለቱ የተለያዩ ሌዘሮች ናቸው፤ የዲቪዲው ሲሞት የሲዲው በሕይወት ይቆያል። ዴኩ የመዝሙር ሲዲ አሁንም የሚያጫውት ከሆነ ቪሲዲም የማጫወት ዕድሉ ትልቅ ነው። የቪሲዲ ምስል በፓል 352 በ288 ብቻ ነው፤ ለፊልም ያሳዝናል፤ የድሮ ካሴት ግን ከዚያ ብዙ የማይበልጥ ዝርዝር ስላለው እናትሽ ልዩነቱን ላያዩት ይችላሉ። በአንድ ሲዲ 80 ደቂቃ ይገባል፤ ሠርጉ ሦስት ሲዲ ይፈልጋል ማለት ነው።

ሌላው፣ ዴኩ ፊት ለፊት የዩኤስቢ ቀዳዳ እንዳለው ይታይ። ካለው ፋት32 በሚባለው አቀማመጥ የተዘጋጀ ፍላሽ ላይ፣ እያንዳንዱ ከ4 ጊጋባይት በታች ሆኖ፣ ኤቪአይ (ኤክስቪድ) ወደሚባለው የቪዲዮ አሠራር የተቀየረ ፋይል ብዙዎቹ ያነባሉ። ኤምፒ4ቱን እንዳለ ብትልኪው ግን እንደገና እዚያው ነን።

ኤም ዲስክና ብሉ ሬይ ለአንቺ ማኅደር ይሁኑ፤ ለእናትሽ ዴክ አይደሉም። ኤም ዲስክ በቀለም ፈንታ ድንጋይ መሰል ንጣፍ አለው፤ ሠሪው «1,000 ዓመት» ይላል፤ ቆሞ የመሰከረ ግን የለም። የሚደግፈው በርነርም ያስፈልጋል። ብሉ ሬይ 25 ጊጋባይት ይይዛል፤ ነገር ግን ሶኒ በየካቲት 2025 የሚጻፍበትን ብሉ ሬይ ማምረት አቁሟል፤ በዚህ መንገድ ላይ ብዙ አትዘርጊ። ዋናውን ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አኑረሽ አንዱን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጪ። ካሴቱንም አትጣይው፤ አንድ ቀን የተሻለ ገልባጭ ይገኛል።

የመጨረሻው፣ አንቺ ሳትጠይቂኝ የምፈራልሽ ነገር። «ለምን አዲስ ዴክ ገዝቼ አልክላትም?» ብለሽ ከሱቅ አንዱን እንዳታነሺ። አሜሪካ የሚሸጠው ብዙ ዴክ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ ደብረ ብርሃን ግድግዳው ውስጥ ያለው 220 ነው። በተሰካ በሰከንድ ውስጥ ይጨሳል። ከኋላው «ከ100 እስከ 240» የሚል ካልተጻፈበት አትንኪው፤ ከተጻፈበትም ፓል ማጫወቱን አረጋግጪ። ዴኩን እዚያው መርካቶ ወይም ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ማስገዛት ይቀላል። ለማንኛውም ከልጆቹ አንዱ የእናትሽን ዴክ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ እዚህ ለጥፊልኝና ፕላስ አርን ይቀበል እንደሆነ፣ ኤክስቪድ ያውቅ እንደሆነ አይቼ እነግርሻለሁ።